የዓሣውን ፈቃድ የሚያዳምጥ መሣሪያ?

በኖርዌይ የባሕር ወሽመጦች በሚካሄደው የሳልመን እርባታ፣ የዓሣውን እንቅስቃሴ እየተከታተሉ መኖ የሚሰጡ መሣሪያዎች ለእንስሳት ደኅንነት እንደ ትልቅ እመርታ ይወደሳሉ። የአሠራሩ ደጋፊዎች ዓሣው ሲርበው መኖው እንደሚለቀቅ፣ ሲጠግብም እንደሚቋረጥ ጠቅሰው፣ መጠኑን የሚወስነው ዓሣው ራሱ ነው ይላሉ። አባባሉ ጆሮ የሚገባ ቢሆንም፣ መሣሪያው የሚያየው ምን እንደሆነ ሲመረመር ብዙ ይጎድለዋል።

ኬጅ በሚባለው፣ ከመረብ ተሠርቶ ባሕር ላይ በሚንሳፈፈው ማርቢያ ውስጥ የአገሪቱ ደንብ እስከ 200,000 ዓሣ እንዲያዝ ይፈቅዳል። የመኖ እንክብሉ በአየር ግፊት በቱቦ ተገፍቶ ውኃው ላይ ሲበተን፣ በውኃው ውስጥ የተንጠለጠለ ካሜራ ሳይበላ የሚሰምጠውን እንክብልና የዓሣውን አዋኛኘት ይቀርጻል፤ ፕሮግራሙም ከዚህ ተነሥቶ የመብላት ፍላጎትን ይገምትና የመኖውን ፍሰት ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ሆኖም ከካሜራው ፊት የሚደርሰው ወደ መኖው የመጣው ዓሣ ነው፤ በቁስል ወይም በሕመም ደክሞ ከመንጋው የተለየው፣ በጠንካሮቹ ተገፍቶ ዳር የቀረው በግምቱ ውስጥ ቦታ የለውም። ይህ ችግር ካሜራው ከመምጣቱ በፊትም የታወቀ ነበር። ዓሣው ዘንግ ሲነካ መኖ በሚለቅ ቀለል ያለ መሣሪያ የአውሮፓ ባስ በተባለው የዓሣ ዝርያ ላይ በተደረጉ ሙከራዎች፣ ዘንጉን አዘውትረው የሚነኩት ጥቂት ዓሦች ብቻ ሆነው ተገኝተዋል፤ የተቀረው መንጋ የሚበላው እነርሱ ባሻቸው ሰዓት ነበር።

ፍላጎቱ ራሱም ቢሆን የዓሣው የብቻ ንብረት አይደለም። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ሳልመንን በትውልድ እየመረጠች ስታዳቅል ዋነኛ መስፈርቷ ፈጣን ዕድገት ስለነበር፣ ዛሬ ካሜራው እንደ ዓሣው ውሳኔ የሚያነበው ረኃብ በከፊል አርቢው ቀድሞ የመረጠው ነው።

የመኖ ወጪ ከጠቅላላው የማምረቻ ወጪ ግማሽ ያህል ስለሚሆንና ያልተበላ መኖ የባሕሩን ወለል ስለሚበክል፣ ብክነትን መቀነስ ሊናቅ የማይገባ ጥቅም ነው። ችግሩ የሒሳብ ደብተሩ ትርፍ ለዓሣው የተደረገ ርኅራኄ ተብሎ መሸጡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በዚያች አገር የባሕር ማርቢያዎች 62.8 ሚሊዮን ሳልመን፣ ማለትም 16.7 በመቶው ሞቷል። ይህን ሞት መሣሪያው አላመጣውም፤ ነገር ግን ዓሣን «ያዳምጣል» የተባለ ዘርፍ ይህን ያህል ሞት እንደ ዓመታዊ ልማድ ማስተናገዱ ማዳመጡ የት ድረስ እንደሆነ ያስጠይቃል።

ሳልመን መብላት የሚተወው ስለጠገበ ብቻ አይደለም። በውኃው ውስጥ ኦክስጅን ሲያንስ፣ የባሕር ቅማል የተባለው ደም መጣጭ ጥገኛ ቆዳውን ሲያቆስለው፣ ቅማሉን ለማራገፍ በሚደረገው እጥበት ሲጨነቅ ወይም በሽታ ሲጀምረው እንዲሁ መኖ ይተዋል። አስተዋይ መጋቢ ይህን እንደ ሕመም ምልክት ይይዘውና ምክንያቱን ይፈልጋል፤ በመኖ ቁጠባ ብቻ የተቃኘ ፕሮግራም ግን ጥጋብንና ሕመምን በአንድ ቁጥር ያነብና ለሁለቱም ቱቦውን ይዘጋል፤ በማግሥቱ የተረፉት ወደ መኖው ሲመለሱም ፍላጎቱ ተሻሽሏል ብሎ መዝግቦ ይከፍተዋል።