ስም ያለው ብር

ሚያዝያ 16 ቀን 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ማደያዎች ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መቅዳት ቀረ። ጥቂት ቆይቶ ትእዛዙ ወደ ክልሎችም ዘለቀ። ያን ሰሞን የከተማው ወሬ ሰልፉ፣ የኔትወርኩ መቆራረጥና ቀጂው ፊት ደርሶ የስልኩ ባትሪ ያለቀበት ሰው ጭንቀት ነበር። ከዚያ ተለመደ። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ሳይወራበት ያለፈው ነገር ነው፤ በብሔራዊ ባንክ ገዥ ፊርማ የታተመው፣ የአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ የሆነው ወረቀት፣ አንድ ሸቀጥ እንዳይገዛበት በራሱ በመንግሥት ተከለከለ።

ትእዛዙ ያለ ምክንያት አልመጣም። ከ2014 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ለሁሉም እኩል መሰጠቱ ቀርቶ ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች እንዲያደላ ተደርጓል። የትኛው ሚኒባስ መቼ ስንት ሊትር እንደቀዳ ካልተመዘገበ፣ ለታክሲው የተባለው ድጎማ በጀሪካን ተቀድቶ ጥቁር ገበያ ለመድረስ አንድ ሌሊት አይፈጅበትም። ጥሬ ገንዘብ ይህን መዝገብ አይጽፍም፤ ስልኩ ይጽፋል። ችግሩ፣ ታርጋውና ሰዓቱ ከማደያው ስም ጋር ሲደመር ያው መዝገብ የአንድን ሰው ውሎ መተረኩ ነው። መዝገብ ለድጎማው የሚያስፈልገውን ከማያስፈልገው ለይቶ አይጽፍም። ወረቀት ይቅር በሚሉና ገመናችን ወጣ በሚሉ ሰዎች መካከል ያለው ክርክር በሙሉ አንድ ማደያ ላይ ሊታይ ይችላል፤ ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት አላቸው።

ከመጀመሪያዎቹ ልነሳ። ጥሬ ገንዘብን የሚያሞግስ ሰው ብዙ ጊዜ ጥሬ ገንዘብ ያልጎዳው ሰው ነው። ሸቀጥ ሊጭን ከገጠር ወደ መርካቶ የሚመጣ ነጋዴ ብሩን ከሸሚዙ ስር ታጥቆ፣ በየአውቶቡሱ ዓይኑን ሳይከድን ያድር ነበር። በባለሱቅ ቤት ዝርዝር ሲጠፋ በመልስ ፋንታ ማስቲካ ይሰጣል፤ ማስቲካ ይዞ ሄዶ ስኳር የገዛ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። በዓረብ አገር የምትሠራ ልጅ ለእናቷ የላከችው ገንዘብ በዘመድ አዝማድ እጅ አልፎ ሲደርስ ምን ያህሉ እንደሚተርፍ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ቴሌብር በጥቂት ዓመት ውስጥ ደንበኞቹን በአሥር ሚሊዮኖች መቁጠር የቻለው በማስታወቂያ ብዛት ብቻ አይደለም። ኢንተርኔት በሌለው ተራ ስልክም ኮከብ 127 መሰላል ብሎ መክፈል ይቻላል። የባንክ ቅርንጫፍ ለማግኘት ግማሽ ቀን ለሚጓዝ ገበሬ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ብድሩም አለ። ባንኮቻችን ለማበደር የሚጠይቁት ቤት ወይም መኪና ነው፤ ጉሊት ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ሁለቱም የሏትም። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር መላ የተባለውን አገልግሎት ሲጀምር ያለ መያዣ ማበደር ጀመረ፤ ማን ስንት መበደር እንደሚችል የሚመዘነው በስልኩ ላይ ባለው የገንዘብ እንቅስቃሴ ነው። በየቀኑ የሚገባውና የሚወጣው ሂሳቧ መያዣ ሆነላት። ሌላ የምታስይዘው ስላልነበራት ገመናዋን አስይዛ ተበደረች ብንል ብዙም አላጋነንንም። ብትጠየቅ ግን የምታማርር አይመስለኝም፤ አራጣ አበዳሪው ሰፈር ውስጥ ተቀምጦ ከዚህ የበለጠ ያውቅባት ነበር፣ ያወራባትም ነበር።

የሁለተኛው ወገን ክርክር የሚነሳው ከስም ነው። የወረቀት ብር ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ የሰጪውን ማንነት ለተቀባይ አይናገርም። በስልክ የተላለፈ ብር ይናገራል። ለባለሱቅ፣ ለፀጉር ሠሪ፣ ለራይድ ሹፌር በከፈላችሁ ቁጥር ስማችሁ ከነአባታችሁ አብሮ ይሄዳል። አንዳንዱም በዚህ አይረካም፤ ደረሰኙን በስክሪንሾት ላክልኝ ይላል። በእኛ አገር ስም ከነአባትና ከነአያት ሲጠራ ሃይማኖትንና የትውልድ አካባቢን ብዙ ጊዜ ይዞ ይመጣል። በደህና ቀን ምንም አይደለም። ካለፉት ዓመታት ወዲህ ግን ቀኑ ሁልጊዜ ደህና ይሆናል ብሎ የሚምል ሰው መኖሩን እንጃ። ቡና ጠጥታ የከፈለች ወጣትንም ማታ በስሟ ፌስቡክ ላይ የሚፈልጋት አይጠፋም።

ሙዳየ ምጽዋትም ሆነ ሰደቃ ሰጪው ሳይታወቅ ቢሰጥ ይመረጣል፤ ሃይማኖቶቹ ራሳቸው ያስተማሩን ይህንን ነው። አሁን በየአጥሩ የባንክ ሂሳብ ቁጥር ተጽፏል። ፈጣሪ ብቻ ሊያየው የተሰጠውን የባንኩ ሰርቨርም ያየዋል።

ከሁሉ የሚከብደኝ እናቶቻችን በመቀነታቸው ጫፍ የሚቋጥሯት ብር ጉዳይ ነው። ያቺ ብር ለልጅ ደብተር ነበረች፣ ለክፉ ቀን ነበረች፣ አንዳንዴም ከሚደበድብ ባል ቤት መውጫ ነበረች። ለዚህች ሴት ስልክ ጠባቂም አሳባቂም ሊሆን ይችላል። የምስጢር ቁጥሩን እሷ ብቻ ካወቀችው፣ ባሏ ፍራሽ ቢገለብጥ ቁም ሳጥን ቢበረብር ምንም አያገኝም፤ በዚህ በኩል ከመቀነት ይሻላል። ስልኩ የባሏ ከሆነ ወይም ቀሪ ሂሳቧን የሚናገረው መልእክት እሱ አጠገብ እያለ ከገባ ግን ያጠራቀመችው እስከ ሳንቲሙ ይታወቃል። ይህን ክርክር በመርህ ብቻ መፍታት የማይቻለው ለዚህ ነው፤ መልሱ ቤቱን ሳያዩ አይታወቅም።

ስም ያለው ብር ምን ሊያደርግ እንደሚችል አገሩ ሁሉ ያየው መጋቢት 2016 ዓ.ም. ነው። አርብ ሌሊት ለቅዳሜ አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ሰዎች ሂሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ፤ ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ እንደወጣ አስታወቀ። ይህን የሚያህል ወረቀት ከካዝና ወጥቶ በየዶርሙ ቢበተን ተመልሶ የሚገባው ጥቂቱ በሆነ ነበር። የእያንዳንዱ ብር መድረሻ ስለሚታወቅ ግን አብዛኛው ተመለሰ፤ ለዲጂታሉ ወገን ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም። ቀጥሎ ባንኩ ያልመለሱትን ሰዎች ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን በአደባባይ ለጠፈ። የወሰዱት የሌላ አስቀማጭ ገንዘብ ነው፣ ምን ያሳዝናል የሚለው ክርክር ይገባኛል። ቢሆንም ሰው ሂሳብ ሲከፍት ፎቶግራፉን የሚሰጠው ሌላ ሰው በስሙ እንዳያወጣበት ነው፤ ፍርድ ቤት ሳይፈርድበት ለመዋረድ ብሎ አይደለም። በዚህ ጉዳይ እኔ ከተለጠፉት ጋር ነኝ፣ ገንዘቡን መመለስ ቢኖርባቸውም።

ማየት የቻለ መዝጋትም ይችላል። በትግራይ ጦርነት፣ በተለይ ከሰኔ 2013 ዓ.ም. በኋላ፣ ባንክና ቴሌ ተዘግተው ሰው ከአንድ ዓመት በላይ በሂሳቡ ያለውን ብር ማውጣት አልቻለም። የጡረታ ሂሳብ ያላቸው አዛውንት ደብተሩ ላይ ገንዘብ ነበራቸው፣ ዳቦ መግዣ ግን አልነበራቸውም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። ነገሩ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። ካናዳ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 የጭነት መኪና ሹፌሮችን ተቃውሞ ለመበተን የአስቸኳይ ጊዜ ሕግ አውጃ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የባንክ ሂሳቦችን አሳግዳለች። በጥሬ ገንዘብ መክፈል እጅግ ከቀነሰባቸው አገሮች አንዷ የሆነችው ስዊድን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 ለየቤቱ በላከችው የጦርነትና የቀውስ ጊዜ መመሪያ፣ ለሳምንት የሚበቃ ጥሬ ገንዘብ ቤታችሁ አስቀምጡ ብላለች።

ከዲጂታሉ ወገን ክርክሮች በትንሹ የሚያሳምነኝ ጥቁር ገንዘብን ያጠፋል የሚለው ነው። ህንድ እ.ኤ.አ. ኅዳር 2016 በዝውውር ላይ ከነበረው ጥሬ ገንዘቧ በዋጋ 86 በመቶ የሚሆነውን በአንድ ምሽት ሻረች፤ የተደበቀው ሳይመለስ ይቀራል ተብሎ ታስቦ ነበር። ማዕከላዊ ባንኳ ሲቆጥር ከ99 በመቶ በላይ ተመልሷል። እኛም መስከረም 2013 ዓ.ም. ብሩን ስንቀይር በየቤቱ የተከማቸ ገንዘብ ወደ ባንክ ገብቷል፣ ይህም ጥቅም ነው። ትልቅ ገንዘብ ግን ፍራሽ ስር አይሰነብትም፤ መሬት ይሆናል፣ ወርቅ ይሆናል፣ ዶላር ሆኖ ይሻገራል። መዝገቡ አጥርቶ የሚያያት የጉሊቷን ሴት ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ ደሞዝተኛውን ማስታወስ አለብኝ። የእሱ ግብር ገና እጁ ሳይገባ ይቆረጣል፤ አንዲት ብር መደበቅ አይችልም። ያለ ደረሰኝ በጥሬ ገንዘብ የሚሸጠው ነጋዴ ሲያመልጥ የጎደለው የሚሞላው ከደሞዝተኛው ነው። የነጋዴው ገመና ደሞዝተኛው ዋጋ ሳይከፍልበት የሚጠበቅ ነገር አይደለም።

ሕግ አለን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። አዋጁን የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ግን ተጠሪነቱ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው፤ ቴሌብርን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮምም በአብዛኛው የመንግሥት ነው። ለማን እንደደወልን፣ የት እንደነበርንና ምን እንደገዛን በአንድ ጣሪያ ስር ይታወቃል፤ ተቆጣጣሪውም የዚያው ቤት ሰው ነው። የጣት አሻራና የዓይን ብሌን የያዘው የፋይዳ መታወቂያ ከባንክ ሂሳብ ጋር ሲተሳሰር በሰው ስም ሂሳብ የሚከፍተውን አጭበርባሪ ይይዛል፤ የተበታተነውንም መረጃ ወደ አንድ ቁጥር ይሰበስባል። ዛሬ ይህን ሁሉ ማንም ለክፋት እያዋለው ነው የሚል ክስ የለኝም። ለክፋት ላውለው ለሚል ሰው መሰናክሉ ቀጭን ነው።

ለእኔ ሚዛኑን የሚያዘነብለው የገንዘቡ መጠን ነው። ቤት የሚገዛ፣ ጨረታ የሚከፍል፣ ከድንበር የሚሻገር ገንዘብ ዱካ ይኑረው። የሽሮ፣ የምጽዋትና የእቁብ ብር ያለ ዱካ የማለፍ መብቱ ይጠበቅ። እስራኤል ከ6,000 ሸቀል በላይ የሆነ የንግድ ክፍያ በጥሬ ገንዘብ ብቻ እንዳይፈጸም ስትከለክል ከዚያ በታች ያለውን ለወረቀቱ ትታለታለች፤ የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክም ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን የዲጂታል ዩሮ ክፍል ከሰጪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያውቀው አድርጎ ለመሥራት አቅዷል። ትልቁን ከፋፍሎ በትንሽ በትንሹ የሚያሾልክ ይኖራል፤ ይህን ዋጋ መክፈሉ ይሻለኛል። በማደያም ቢሆን ድጎማ ለሚያገኘው ሚኒባስ ምዝገባው ግዴታ ሆኖ፣ ድጎማ የማይመለከተው የቤት መኪና በወረቀት ቢከፍል ለመንግሥት የሚጎድልበት ነገር አይታየኝም።

የደረሰኙ ጉዳይ ደግሞ አዋጅም ምክር ቤትም አያስፈልገውም። ባለሱቁ ማወቅ ያለበት ብሩ መግባቱን፣ መጠኑንና የማረጋገጫ ቁጥሩን ነው፤ የከፋዩ ሙሉ ስም ምንም አይሠራለትም። ባንኮቹም ቴሌም መተግበሪያቸውን በየጊዜው ያድሳሉ፤ በሚቀጥለው እድሳት ስሙን ሊያወጡት ይችላሉ።