የፓርቲው የውስጥ ጉዳይ

ሮቤ ላይ ሻይ ቤት ተቀምጦ ስለ ርዕሰ መስተዳድር ማውራት የሚከለክል የለም። ቀጣዩ የኦሮሚያ ርዕሰ መስተዳድር ማን ይሆናል? ያሉት ይቀጥላሉ ወይስ ይነሳሉ? ለባሌ ሰውስ ተራ ይደርሰው ይሆን? ወሬው ሲሞቅ ሻዩ ይቀዘቅዛል። በቀደም ዕለት ከጎናችን የተቀመጡ አንድ የሲናና ገበሬ፣ ሁላችንም ሐጂ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ጨዋታችንን ሲያዳምጡ ቆዩና፣ “ልጆቼ፣ ከእናንተ ውስጥ ድምፅ ያለው የትኛው ነው?” አሉ። ሳቅን። መልስ ግን አልነበረንም።

ድምፅ ያለው ከመካከላችን ማንም አልነበረም። በኬንያ ከ2005 ጀምሮ የ47ቱ ካውንቲዎች ነዋሪ ገዥውን በቀጥታ ይመርጣል። እኛ ዘንድ መራጩ ለክልሉ ምክር ቤት፣ ማለትም ለጨፌ፣ አባል ድምፅ ይሰጣል፣ ጨፌው ደግሞ ርዕሰ መስተዳድሩን ይመርጣል። ከሥርዓቱ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ “ፓርቲው ማንን እንደሚያቀርብ የፓርቲው የውስጥ ጉዳይ ነው” ከሚለው አባባል ጋር ነው። ይህን የሚለው ካድሬው ብቻ ቢሆን ባልገረመኝ። ጋዜጠኛውም፣ መምህሩም፣ ተቃዋሚውም ይለዋል። ሰባተኛው አገራዊ ምርጫ ደጃችን ላይ በቆመበት በዚህ በ2018 እንኳ፣ ስለ መራጮች ምዝገባ በየስብሰባው ሲወራ፣ ዕጩው በማን ተመረጠ ብሎ የሚጠይቅ ብዙም አይሰማም።

በርካታ ፓርቲዎች ተቀራርበው በሚፎካከሩበት አገር አባባሉ ትንሽ ያስኬድ ይሆናል፤ አንዱ ፓርቲ መጥፎ ሰው ቢያቀርብ መራጩ ወደ ሌላው ይሄዳል። በ2007 ግን ከ537ቱ የጨፌ ኦሮሚያ መቀመጫዎች 537ቱንም ያሸነፈው ኋላ ወደ ብልጽግና የተዋሃደው ኦሕዴድ ነው። በ2013 ተቃዋሚዎቹ ኦፌኮና ኦነግ ከውድድሩ ውጪ ሆኑ፤ በአገር አቀፍ ደረጃ በመጀመሪያው ዙር ውጤታቸው ከታወቀው 436 የፓርላማ መቀመጫዎች 410ሩን ብልጽግና ወሰደ። እንዲህ ባለ ቦታ ምርጫው የሚያልቀው የዕጩዎች ዝርዝር ሲጸድቅ ነው። ድምፅ መስጫው ቀን ላይ የሚቀረው ማኅተሙን መምታት ነው። ዝርዝሩን “የውስጥ ጉዳይ” ማለት ታዲያ ምርጫውን በሙሉ የውስጥ ጉዳይ ማድረግ ነው።

በዚያው በ2007 የተመረጠው ጨፌ ሦስት መሪዎችን አይቷል። አቶ ሙክታር ከድር ጀመሩ፤ በ2009 መጀመሪያ፣ ተቃውሞው አገሩን ሲንጠው፣ አፈ ጉባኤው አቶ ለማ መገርሳ ተተኩ፤ በሚያዝያ 2011 አቶ ለማ ወደ መከላከያ ሚኒስቴር ሲሄዱ አቶ ሽመልስ አብዲሳ በምክትል ርዕሰ መስተዳድር ማዕረግ ክልሉን ያዙ። ሦስት ሰው፣ አንድ የምርጫ ዘመን። የተሻለ ሰው መጣ ወይስ አልመጣም የሚለውን እንተወው፤ ለማ ሲመጡ እኔም ካጨበጨቡት አንዱ ነኝ። ጭብጨባዬ ግን ከዜናው በኋላ የመጣ ነበር። ጎባ ላይ ለጨፌው ድምፁን የሰጠ ሰውም እንደኔው ሦስቱንም ከቴሌቪዥን ነው የሰማው።

ጎባን ካነሳሁ አይቀር፣ የቀድሞው የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ እሷ ነበረች። ፊታውራሪ ወርቁ እንቁሥላሴ ባሌን ሲያስተዳድሩ፣ ኋላም ዋቆ ጉቱ የመሩት አመፅ ከከረመ በኋላ ጄኔራል ጃጋማ ኬሎ ሲላኩ፣ ሁለቱም የመጡት በንጉሡ ፈቃድ ነው። የዚያ ዘመን ጭካኔ አይናፍቀኝም። አንድ ነገሩ ግን ግልጽ ነበር፦ ሹመትን ሹመት ይሉታል። ባለርስቱም ገባሩም ሰውየው ከየት እንደተላከና ማን ሊያነሳው እንደሚችል ያውቃሉ። የዛሬው ሹመት የምርጫ ልብስ ለብሶ ስለሚመጣ፣ ሲከፋን የምንከሰው እንኳ ይጠፋናል፤ “እናንተው ናችሁ የመረጣችሁት” እንባላለን።

“ፓርላሜንታዊ ሥርዓት ስለሆነ ነው” የሚል መልስ ሰምቻለሁ። እንግሊዝም ፓርላሜንታዊ ናት። በነሐሴ 2014 መጨረሻ ወግ አጥባቂው ፓርቲ መሪውን ሲመርጥ አባላቱ በፖስታና በኢንተርኔት ድምፅ ሰጥተው ሊዝ ትረስ 81,326 ለ60,399 አሸነፈች። በሥልጣን ላይ ሁለት ወር እንኳ አልቆየችም፤ አባላቱ ተሳሳቱ ማለት ነው። ሆኖም ስንቶች እንደተሳሳቱ በቁጥር ይታወቃል! እኛም አገር አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ጭላንጭሉ ታይቷል። በየካቲት 2010 ኦሕዴድ ሊቀመንበሩን ከለማ ወደ ዐቢይ ሲቀይር፣ ለማ የተወካዮች ምክር ቤት አባል ስላልሆኑ ጠቅላይ ሚኒስትር መሆን አይችሉም ነበር፤ ከዚያም 180 አባላት ያሉት የገዥው ግንባር የኢሕአዴግ ምክር ቤት ሊቀመንበሩን ለመምረጥ ድምፅ ሰጠ፦ ዐቢይ 108፣ ሽፈራው ሽጉጤ 59፣ ደብረጽዮን 2። ከ100 ሚሊዮን ሕዝብ 180 ሰው ምንም ማለት አይደለም። ያም ሆኖ ሰው ቁጥሮቹን በቃሉ ያዘ፣ ታክሲ ውስጥ ተከራከረባቸው። ውድድር እንደነበር ሁሉም አወቀ።

ሕጉስ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 ንዑስ አንቀጽ 3 የፖለቲካ ድርጅትን ጨምሮ በማኅበራት ውስጥ ለኃላፊነት ቦታ የሚደረግ ምርጫ ነፃና ዴሞክራሲያዊ መሆን አለበት ይላል። እርግጥ ነው፣ የሚያወራው ስለ ፓርቲ ኃላፊነት እንጂ ስለ ምክር ቤት ዕጩ አይደለም ብሎ የሚሟገት ጠበቃ ይኖራል። ይሟገት። ቢያንስ ሕገ መንግሥቱ የፓርቲን ጓዳ ባዕድ የማይገባበት ቤት አድርጎ አላየውም።

በየቀበሌው “ሕዝቡ ዕጩዎችን ይተቻል” የሚባል ስብሰባም አለ። እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ አንድ ጊዜ ተገኝቻለሁ፤ የትና የማን እንደሆነ ይቅር። ከፊት አንድ ሰው ቆመ፤ ታሪኩ ተነበበ። “አስተያየት ያለው?” ተባለ። አንዲት እናት ተነሥተው የሰፈራቸው ውኃ ከጠፋ ስንት ጊዜ እንደሆነ ተናገሩ። መድረኩ “ጥሩ ግብዓት ነው” ብሎ ጻፈ። ሌላ ስም አልቀረበም፣ እጅ አልተቆጠረም። ሰውየውን መውደድም መጥላትም ይቻል ነበር፣ መተካት ግን አይቻልም። ስንወጣ ውኃና ዳቦ ታደለን።

ተቃዋሚውም ከዚህ ነፃ አይደለም። ኦነግ ውስጥ በ2012 የተነሳው የአመራር ንትርክ ምርጫ ቦርድ ድረስ ደርሷል። ኢዜማ ግን በ2014 ክረምት ብርሃኑ ነጋንና አንዱዓለም አራጌን ለመሪነት በጉባኤ አወዳድሮ፣ ድምፅ አስቆጥሮ አሳይቷል፤ ፓርቲውን ባልወድ እንኳ ይህን አልነሳውም።

ከሁሉ የሚያስቀኝ የገዳ ነገር ነው። መደ ወላቡ ያለችው ባሌ ውስጥ ነው፣ የሮቤው ዩኒቨርሲቲም ስሟን ይዟል፤ ባለሥልጣን መድረክ ላይ ሲወጣ ገዳን ሳይጠራ አይወርድም። ቦረና ዘንድ በ2017 አባ ገዳ ኩራ ጃርሶ ሥልጣኑን፣ ባሊውን፣ ለጉዮ ቦሩ ሲያስረክቡ፣ ተረካቢው ማን እንደሆነ ሕዝቡ ከዓመታት በፊት ያውቅ ነበር፤ በእድሜ ደረጃው ሲያልፍ እያየው ነው ያደገው። ሴቶች ለአባ ገዳነት አይታጩም፣ ይህን ጉድለት አልሸፍንም። ግን ገዳን የሚያወድስ ሰው የዕጩውን ስም እስከ መጨረሻው ሳምንት ኪሱ ውስጥ ሲደብቅ ምን ይባላል?

“በየወረዳው ዕጩ በድምፅ ቢመረጥ ብር ይገባበታል፣ ጎሳ ይገባበታል፣ ሁከት ይነሣል” ይሉኛል። ይነሣ ይሆናል። ኬንያ በሚያዝያ 2009 የጁቢሊ ፓርቲ የዕጩ ምርጫ የወረቀት እጥረትና ሁከት ገጥሞት ተሰርዞ እንደገና ተጀምሯል። ብሩም ጎሳውም ዛሬ አሉ፤ ያሉት ግን በር ተዘግቶ ነው። ወጪውን በተመለከተ፣ አባላቱን ለሁለት ቀን ግምገማ ለመሰብሰብ በጀት ያላነሰው ፓርቲ ለአንድ ሳጥን ያንሰዋል?

ሐጂ ያን ዕለት ከመሄዳቸው በፊት ስለ ስንዴ አወሩን። በ2003 ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን ዘር ሲጨርስባቸው “ምርጥ ዘር ነው” ተብሎ ዲጋሉ መጣ። ባሌና አርሲ በዲጋሉ ተሸፈነ። በ2006 የግንድ ዋግ ደረሰና፣ ማሳው ሁሉ አንድ ዓይነት ስለነበር ተያይዞ ወደቀ። “ከዚያ ወዲህ ጆንያው ላይ ምርጥ የሚል ብናይም፣ ጎረቤት ማሳ ሄደን ሳናየው አንዘራም” አሉ። ከዚያ ጋቢያቸውን አስተካክለው የሁላችንንም ሻይ ከፈሉ። “የሰውየው ስም ሲለጠፍ ንገሩኝ” ብለውን ወጡ።