ደም ሳይቀዳ ስለሚጀመር መድኃኒት፦ ለአዲስ ከተማ የጤና ባለሙያዎች ግልጽ ደብዳቤ

በመርካቶና በዙሪያዋ ባሉ ጤና ጣቢያዎች፣ ክሊኒኮችና መድኃኒት ቤቶች ለሚሠሩ ባለሙያዎች፤

ትኩሳቱ ለሰነበተ ሕፃን፣ ባክቴሪያን ከደም አብቅሎ ለመለየት ለሚደረገው የካልቸር ምርመራ ደም ሳይቀዳ አንቲባዮቲክ የማስጀመሩ ልማድ፣ ኢንፌክቲቭ ኢንዶካርዳይቲስ በያዘው ልጅ ላይ ሲፈጸም፣ በሽታውን ሳያድን የበሽታውን ማስረጃ ያጠፋል። ይህ ሕመም ባክቴሪያ በደም ተጉዞ በልብ የውስጥ ሽፋን ላይ፣ በተለይም ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ በሚከለክሉት ቫልቮች ላይ ተጣብቆ ሲራባ የሚከሰት ነው። ጤናማ ልብ ባላቸው ሕፃናት ላይ እምብዛም አይታይም፤ ልባቸው ላይ ክፍተት ይዘው የተወለዱ ወይም በወጉ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም በሚመጣው የሩማቲክ ልብ ሕመም ቫልቫቸው የተጎዳ ልጆች ግን ለዚህ የተጋለጡ ናቸው። በጥቁር አንበሳ ግቢ በሚገኘው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ተራ የሚጠብቁት በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ ተራቸው እስኪደርስ ድረስ የሚኖሩትም በየሰፈራቸው ስለሆነ፣ ትኩሳት ሲነሳባቸው አስቀድሞ የሚያያቸው የሰፈሩ ባለሙያ ነው።

የተለመደው አሠራር የታወቀ ነው። ልጁ ሲያተኩስ ዊዳልና ዌል ፊሊክስ ይታዘዙለታል፤ እነዚህ ምርመራዎች የሚለኩት ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል በመሆኑ፣ ባለፈ ወይም በሌላ ሕመም ምክንያትም ፖዘቲቭ ሊሆኑ ይችላሉ። ሆኖም «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» ተብሎ የአንቲባዮቲክ ሽሮፕ ይሰጠዋል ወይም የሴፍትሪያክሶን መርፌ ይወጋል፣ ትኩሳቱም ይወርዳል። ባክቴሪያው ግን ቫልቩ ላይ ከረጋ ደም በተሠራ እጢ መሰል ክምር ውስጥ ስለሚሸሸግ ነጭ የደም ሴሎች በቀላሉ አይደርሱበትም፤ መድኃኒትም በደም ሥር፣ በበቂ መጠን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ካልተሰጠ አያጠፋውም። ሽሮፑ ሲያልቅ ትኩሳቱ ይመለሳል፤ እስከዚያው ቫልቩ እየተበላ ልብ ይደክማል፣ ከክምሩ የተቆረሰ ቅንጣትም የአንጎልን ደም ሥር ሊዘጋ ይችላል። ልጁ ጥቁር አንበሳ ወይም ጳውሎስ ሆስፒታል ሲደርስ፣ የካልቸር ምርመራው ምንም ላያሳይ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሐኪሙ ኩላሊትንና መስማትን ሊጎዳ የሚችለውን ጄንታማይሲን ጨምሮ መድኃኒቶችን በግምት ለሳምንታት ለመስጠት ይገደዳል።

ወላጅን መውቀስ አይገባም፤ በሸክም ወይም በጉሊት ንግድ ለሚተዳደር ሰው የሆስፒታል ወረፋ የዕለት ገቢውን ያሳጣዋል። አሞክሳሲሊንን ያለ ማዘዣ የሚሸጥለት ባለሙያ ግን ጉዳቱን ሊያውቅ የተማረ ነው፤ ተጠያቂነቱም የእርሱ ነው።

የሚጠየቀው ውድ መሣሪያ አይደለም። ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ከሳምንት ሲያልፍ፣ የልብ ችግር ያለበት ልጅ ሲሆን ደግሞ ሳምንትም ሳይጠበቅ፣ ደረቱ በማዳመጫ ይደመጥ፣ ባክቴሪያው ወደ ደም የገባበት ሊሆን ስለሚችል ጥርሱና ድዱ ይታይ፤ ካልቸር ከሌለም መድኃኒት ሳይጀመርለት በዚያው ቀን ወደሚሠራበት ሆስፒታል ይላክ። በጽኑ ለታመመ ልጅ ግን ሕክምናው ሊዘገይበት አይገባም፤ ደም መቅዳት ከተቻለ ተቀድቶ፣ ካልተቻለም ሳይቀዳ፣ መድኃኒቱ ወዲያውኑ ይሰጠው። በሪፈር ወረቀቱ ላይም «አንቲባዮቲክ ወስዷል» ብሎ ከማለፍ ይልቅ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑና የተጀመረበት ቀንና ሰዓት ይጻፍ፤ ተቀባዩ ሐኪም የካልቸሩን ውጤት ምን ያህል ሊያምነው እንደሚችል የሚመዝነው በዚህ ነውና።