«እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል?»

እዚህ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ እኛ ሰፈር አንዲት እናት አሉ። ባለፈው የእድር ድንኳን ሲተከል አጥር አጥሩን ይዘው፣ በየአሥር እርምጃው እየቆሙ መጡ። ከበርጩማው ለመነሳት ሁለት ጎረምሳ አስፈለጋቸው። ያየ ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል!» ተባለ። ዕድሜያቸው ስልሳ ሁለት ነው።

እኔ የምለው፣ ይህቺን «ምን ይደረጋል» ማን አስተማረን? ምን እንደሚደረግማ ከታወቀ ስልሳ ዓመት አልፎታል። ጆን ቻርንሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1962 እ.ኤ.አ. የተበላውን የጭን አጥንት ራስ በብረት፣ የዳሌውን ጎድጓዳ በጠንካራ ፕላስቲክ ተክቶ ሰው ማስኬድ ጀመረ። የጉልበቱም ተከተለ። ዛሬማ አማራጩ ብዙ ነው። ጉልበት በአንድ ጎን ብቻ ከተበላ ያው ጎን ብቻ ይቀየራል። በሽተኛው ገና ጎልማሳ ሆኖ እግሩ ከተንጋደደ አጥንቱን ቆርጦ በማቅናት ሸክሙ ወደ ደህናው ጎን ይዛወራል። ጨርሶ ካለቀ ሙሉው ይተካል። ይህ ሁሉ እንግዲህ እንቅስቃሴው፣ ክብደት መቀነሱና መድኃኒቱ አልበቃ ሲል ነው።

«ብረቱ ስንት ዓመት ይቆያል?» ለምትሉ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከመቶ ሙሉ የጉልበት ቅየራ 82ቱ፣ ከመቶ የዳሌ ቅየራ 58ቱ 25 ዓመት እንደሚያገለግሉ ገምቷል። (ከስንቱ ትዳር ይሻላል!) አደጋ የለውም አልልም፤ ኢንፌክሽን አለ፣ የደም መርጋት አለ፤ ተንበርክኮ መስገድና ቁጢጥ ማለትም ሊከብድ ይችላል። ግን አጥር ይዞ ከመሄድ?

ያለው ሕንድ ወይም ባንኮክ ይበራል። የሌለው ዲክሎፌናኩን ያለ ሐኪም ትእዛዝ እየገዛ ጨጓራውንና ኩላሊቱን ይጎዳል፤ ወይም ይታሻል። ያለቀ መገጣጠሚያ ደግሞ ቢታሽ አይበቅል!

ሕጉስ? በ2005 ዓ.ም. የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን ደንብ የማይሸፍናቸውን ሕክምናዎች ሲዘረዝር የዳሌ ቅየራን ከቁንጅና ቀዶ ሕክምና፣ ከመነጽርና ከሰው ሠራሽ ጥርስ ጋር አሰለፈው። አገሪቱ ድሃ ናት፣ ሁሉን መክፈል አትችልም ብትሉኝ እሰማችኋለሁ። በእግር መሄድ ግን ከመቼ ወዲህ ነው ጌጥ የሆነው? እኚያ ሴት እኮ ዳሌያቸው እሺ ቢል ገበያ ወጥተው ይነግዱ ነበር። አሁን የሚደግፋቸው ልጅ ከሥራ ቀርቷል። ይሄ ኪሳራ በየትኛው መዝገብ ነው የሚጻፈው?

መንግሥትን ብቻ እንዳልወቅስ፣ እድራችንም አለ። ድንኳን አለን፣ ወንበር አለን፣ ድስቱና ሳህኑ በመጋዘን ሞልቷል። ሰው ሲሞት ገንዘብ በዚያው ቀን ይወጣል። ባለፈው ስብሰባ ደፈር ብዬ፣ «ከተቀማጩ ላይ ለእኚህ እናት ሕክምና ብናበድርስ?» አልኩ። ጸጥ ተባለ። ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «ልጄ፣ አሳብህ መልካም ነው፤ መተዳደሪያ ደንቡ ግን የሚለው ለሐዘን ነው» አሉኝ። አንዱም ከኋላ፣ «ዛሬ ለእሳቸው ከሰጠን ነገ ጉልበት የማያመው ማን አለ?» አለ። ተሳቀ።

ወዲያው ወደሚቀጥለው አጀንዳ ገባን፤ ሁለተኛ ድንኳን መግዛት። በሙሉ ድምፅ አለፈ። እናታችንም እጃቸውን አውጥተዋል፤ ለእሱ መነሳት አያስፈልግም።