ወር ከገባ በኋላ፤ ምጥን ስለ መጠበቅና ስለ ማገዝ



በአገራችን ነፍሰ ጡር ሴት ያየ ሰው፥ ዘመድም ቢሆን መንገደኛ፥ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ብሎ ሳይመርቅ አያልፍም። ነገር ግን ወሯ ከገባ በኋላ ቀኑ ጥቂት የዘገየ ሲመስል፥ ምርቃቱ ወደ ምክር፥ ምክሩም ወደ መድኃኒት ይለወጣል። አንዱ «ተልባ በጥብጡላት» ይላል፤ ሌላው «ሆዷን አሹላት» ይላል፤ ሌላው ደግሞ ቅጠል ጨምቆ ይመጣል። በዛሬው ጽሑፋችን ከእነዚህ ምክሮች የሚረዳው የትኛው፥ ከንቱ የሆነው የትኛው፥ የሚጐዳውም የትኛው እንደ ሆነ እንመለከታለን። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ በዚሁ ነገር ራሴ የተሳሳትሁ ሰው መሆኔ ነው።

የዛሬ 16 ዓመት ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን በፀነሰች ጊዜ ቀን ቈጣሪው እኔ ነበርሁ። የወር አበባዋን ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው ጥር 10፥ የከተራ ዕለት ነበር፤ ታቦት ለመሸኘት ሳትወጣ ቤት የቀረችበት ቀን ስለ ሆነ አልዘነጋችውም። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን «ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን» ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ ነኝና፥ ያንኑ ቍጥር ከጥር 10 ጀምሬ ቈጥሬ «ጥቅምት 10 ትወልዳለች» ብዬ ለቤተ ዘመዱ ሁሉ ነገርሁ። ጥቅምት 10 መጣ፤ አለፈም። በ12 አማቴ እንቅልፍ አጡ፤ አንዲት የጎረቤት ባልቴትም «የጉሎ ዘይት ብትጠጣ በአንድ ሌሊት ትገላገላለች» አሉ። ዘይቱን ከመድኃኒት ቤት ገዝቼ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ሌሊቱን ሙሉ ሆዷ ተቈረጠ፤ አስቀመጣት፥ አስመለሳትም፤ ምጥ ግን አልመጣም። ሲነጋ ከንፈሯ ደርቆ፥ ዓይኗ ጐድጕዶ፥ ደግፈን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። አዋላጂቱ በመጀመሪያ የሕፃኑን የልብ ትርታ ፈለገች። እስክታገኘው ድረስ ያለፈው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር፤ ለእኔ ግን ዛሬም ድረስ ያላለፈ ሰዓት ነው። ትርታው ተገኘ፤ ለባለቤቴም በደም ሥሯ ፈሳሽ ተሰጣት። ከዚያ በኋላ አዋላጂቱ ወደ እኔ ዘወር ብላ፥

«መምህር፥ ቀኑን የቈጠሩት ከየት ጀምረው ነው?» አለችኝ።

ነገርኋት። ፈገግ ብላ፥ «የጀመሩበት ቀን የእኛ ነው፤ የቈጠሩት ቍጥር ግን የቤተ ክርስቲያን ነው። ልጁ ገና ቀኑ አልደረሰም» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ቤተ ክርስቲያን ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን የምትለው ከመጋቢት 29 እስከ ታኅሣሥ 29፥ ይኸውም ከብሥራቱ ዕለት፥ ከፅንሱ ጀምራ ቈጥራ ነው፤ አምስቱም ቀን የጳጉሜን ነው። ሐኪሞች ግን የሚጀምሩት ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ነው፤ ይህም ከፅንሱ ሁለት ሳምንት ያህል ይቀድማል። እኔ የአንዱን መነሻ ከሌላው ቍጥር ጋር አጋጥሜ ባለቤቴን አሳመምኋት። ምጧ ጥቅምት 21 ሌሊት ማንም ሳይጠራው በራሱ መጣ። ያች ልጅ ዛሬ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት።

እንግዲህ የመጀመሪያው ነገር በትክክል መቍጠር ነው። የሐኪሞች ቍጥር ከመጨረሻው የወር አበባ መጀመሪያ አንሥቶ 280 ቀን ነው። የእኛ ወር ሁሉ 30 ቀን ስለ ሆነ ስሌቱ ቀላል ነው፤ በመካከሉ ጳጉሜን ከሌለ ዘጠኝ ወር ከ10 ቀን፥ ጳጉሜን በመካከሉ ካለፈ ዘጠኝ ወር ከ5 ቀን፥ ጳጉሜን 6 በሆነበት ዓመት ደግሞ ዘጠኝ ወር ከ4 ቀን መጨመር ነው። ለምሳሌ መስከረም 1 ቀን ያየች ሴት ሰኔ 11 ትጠብቃለች፤ የካቲት 3 ያየች ኅዳር 8 ትጠብቃለች። የባለቤቴም ቀን ጥቅምት 15 ነበር እንጂ 10 አልነበረም።

ይህም ቀን ቢሆን የቀጠሮ ቀን አይደለም። በታሰበላቸው ዕለት የሚወልዱት ከመቶ ሴቶች አምስት ያህል ብቻ ናቸው። ከ37 ሳምንት እስከ 42 ሳምንት ድረስ ያለው ሁሉ መደበኛ ጊዜ ይባላል፤ በተለይም የመጀመሪያ ልጅ ጥቂት ቀን መዘግየቱ የተለመደ ነው።

ሁለተኛው ነገር ምጥ እንዴት እንደሚጀምር ማወቅ ነው። ምጥ ሕፃኑ፥ የእንግዴ ልጁና የእናቲቱ አካል እርስ በርሳቸው በሚላላኩት መልእክት የሚነሣ ነው። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ፕሮስታግላንዲን የሚባለው ንጥረ ነገር የተዘጋውንና ጠንካራውን የማኅፀን በር ያለሰልሰዋል፥ ያሳጥረዋልም። ከዚህ በኋላ ኦክሲቶሲን የሚባለው ሆርሞን የማኅፀኑን ጡንቻ ያኮማትረዋል። ሕፃኑም በእነዚሁ ሳምንታት ሳንባውንና አንጐሉን ያጠነክራል። በሩ ሳይለሰልስ ማኅፀኑን በግድ ማስጨነቅ፥ ባልተከፈተ በር ላይ ሰውን እንደ መግፋት ነው።

ሦስተኛ፥ ከሚረዱት ነገሮች እንጀምር።

መራመድ መልካም ነው። መራመድ ብቻውን ምጥን እንደሚያመጣ አልተረጋገጠም፤ ምጥ ከጀመረ በኋላ ግን የማይተኙ፥ ቆመው የሚንቀሳቀሱ ሴቶች የመጀመሪያው የምጥ ክፍል ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚያጥርላቸው በብዙ ጥናቶች ታይቷል። ስለዚህ ጠዋትና ማታ ቀስ ብሎ መራመድን ቀድማ የለመደች እናት ታተርፋለች። ውሃ መሸከምና እህል መፍጨት ግን መራመድ አይደለም፤ አካልን ያደክማል እንጂ በር አይከፍትም።

ተምር ሌላው ነው። በዮርዳኖስ አገር ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት፥ ከመውለጃቸው በፊት ባሉት 4 ሳምንታት በየቀኑ 6 ፍሬ ተምር የበሉ 69 ሴቶች ካልበሉ 45 ሴቶች ጋር ተነጻጽረው ነበር። ምጣቸው በራሱ የጀመረላቸው ከበሉት ከመቶ 96፥ ካልበሉት ከመቶ 79 ሆኑ። ሴቶቹ ጥቂት ስለ ሆኑ ይህን እንደ ሕግ መያዝ አይገባም፤ ሆኖም ተምር በጾም የሚበላ፥ ኃይል የሚሰጥ ምግብ ነውና የስኳር ሕመም ለሌለባት እናት የሚጐዳ አይደለም። በጾም ወራት ወሯ የገባ እናት የምግቧን ነገር ከንስሐ አባቷና ከሐኪሟ ጋር ትምከር፤ የተራበ አካል ለምጥ ኃይል ያጣል።

ልጅ ያጠቡ እናቶች እንደሚያውቁት፥ ሕፃኑ ጡት ሲይዝ ሆድ ቍርጠት ቍርጠት ይላል። ይህም ጡት ሲነካ ኦክሲቶሲን ስለሚፈስስና ማኅፀንን ስለሚያኮማትር ነው። በዚህ ምክንያት የጡትን ጫፍ ቀስ አድርጎ ማሸት ከተፈጥሮ መንገዶች ሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያለው ነው፤ ጥናቶች በአንድነት ሲታዩ ካደረጉት ሴቶች ከመቶ 37 ያህሉን በሦስት ቀን ውስጥ ምጥ ሲይዛቸው፥ ካላደረጉት ግን የያዛቸው ከመቶ 6 ያህሉ ብቻ ናቸው። ነገር ግን የሠራው የማኅፀናቸው በር አስቀድሞ በለሰለሰ ሴቶች ላይ ነው። ማኅፀንን ከመጠን በላይ ሊያስጨንቅ ስለሚችል የደም ግፊት ያለባት፥ መንታ የያዘች፥ ወይም ቀድሞ በቀዶ ሕክምና የወለደች ሴት በቤቷ አታድርገው፤ ጤናማዋም ብትሆን አዋላጇን ሳትጠይቅ አትጀምር።

ባልና ሚስት አብሮ ማደራቸው ምጥን ያመጣል የሚባለውም በዘር ውስጥ ፕሮስታግላንዲን ስለሚገኝ ነው፤ ሲመረመር ግን ምጥን ማፋጠኑ አልተረጋገጠም። በጤናማ እርግዝና ጉዳት የለውም፤ ደም ከታየ፥ እንሽርት ውሃ ከፈሰሰ፥ ወይም የእንግዴ ልጁ ዝቅ ብሎ በሩን ከሸፈነ ግን ክልክል ነው።

ቀኑ ካለፈ በኋላ በጤና ተቋም የሚደረግ፥ መድኃኒት የሌለበት አንድ ዘዴ አለ። ይኸውም አዋላጂቱ ጓንት ባጠለቀ እጇ፥ በጣቷ የእንሽርት ውሃውን ከረጢት ከማኅፀኑ በር ዙሪያ ቀስ አድርጋ ማላቀቅ ነው። ጥቂት ያማል፥ ጥቂት ደምም ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን አካሉ የራሱን ፕሮስታግላንዲን እንዲያፈልቅ ስለሚያነሣሣ ምጥ በራሱ የመጀመሩን ዕድል ከፍ ያደርገዋል።

አራተኛ፥ የሚጐዱትን እንመልከት።

ስለ ጉሎ ዘይት ከላይ ተናግሬአለሁ። አንጀትን ያናውጣል፤ እናቲቱ ለምጧ ያኖረችውን ኃይልና ውሃ ያስወጣባታል። ተልባ በመጠኑ እንደ ምግብ ቢጠጣ የሆድ ድርቀትን ያቀልላል፤ ነገር ግን የሚጠጣ ነገር ወደ ጨጓራ እንጂ ወደ ማኅፀን አይገባምና «ማኅፀንን ያለሰልሳል» የሚባለው አይደለም። ጤና አዳም በቡና ላይ የሚጣልባት ቅንጣት ሌላ ነገር ናት፤ ጨምቆ በብዛት መጠጣቱ ግን መርዝነት አለው፤ ማኅፀንንም ያለ ልክ ሊያስጨንቅ ይችላል። ሆድን በኃይል ማሸትና መጫን የእንግዴ ልጁን ከቦታው ሊያላቅቅ፥ ደምም ሊያፈስስ ይችላል።

ከሁሉ የሚከፋው ምጥ የሚያመጣ ክኒን ወይም መርፌ ከጤና ተቋም ውጭ መውሰድ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች በሐኪም እጅ፥ በልክና በጥበቃ ሲሰጡ ነፍስ ያድናሉ፤ ያለ ጥበቃ ሲሰጡ ማኅፀን እስኪቀደድ ድረስ ሊያደርሱ ይችላሉ። ቀድሞ በቀዶ ሕክምና በወለደች ሴት ላይ አደጋው ይበልጣል።

አምስተኛ፥ መጠበቅም ወሰን አለው። የዓለም የጤና ድርጅት፥ 41 ሳምንት፥ ይኸውም 287 ቀን መድረሷ በእርግጥ ለታወቀ ሴት ምጡ በሐኪም እንዲጀመርላት ይመክራል። ከ42 ሳምንት በኋላ የእንግዴ ልጁ እየደከመ ስለሚሄድ ሕፃኑ በማኅፀን የመሞቱ አደጋ ከፍ ይላልና። እንግዲህ «እግዚአብሔር በፈቀደ ቀን ይወለዳል» ብሎ ከዚህ ቀን አሳልፎ ቤት መቀመጥም፥ ቀኑ ሳይደርስ ዘይት እንዳጠጣሁት እንደ እኔ ሥራ፥ ስሕተት ነው።

ቀኑም ደረሰ አልደረሰ፥ ደም ከፈሰሰ፥ የእንሽርት ውሃው ከፈሰሰ፥ ይልቁንም አረንጓዴ ከሆነ፥ የሕፃኑ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፥ ብርቱ ራስ ምታት ከያዛት፥ ዓይኗ ከደበዘዘ ወይም ትኩሳት ከመጣባት፥ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል።

በመጨረሻም፥ ብዙ ቤተ ሰብ ምጥን ለማፋጠን የሚቸኵለው ከሐኪም ርቆ ስለሚኖር፥ ሌሊት እንዳይመጣበት ስለሚፈራ ነው። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ መድኃኒቱ ግን ምጡን ወደ እናቲቱ መጥራት ሳይሆን እናቲቱን አስቀድሞ ወደ ሐኪሙ ማቅረብ ነው። በጉራጌ አገር የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ እናቶች ከመውለጃቸው በፊት መጥተው የሚቈዩበት ማቆያ አለው። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 በተያዘው መዝገብ፥ በማቆያው ቈይተው ከወለዱት መካከል የሞቱት እናቶች በ100,000 ሕያው ልደት 90 ያህል ሲሆኑ፥ በቀጥታ ከመጡት ግን ከ1,300 በላይ ነበሩ። በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ከተቸገሩ በኋላ የደረሱ መሆናቸው እሙን ነው፤ ነገር ግን አስቀድሞ የመቅረብን ጥቅም የሚያስረዳውም ይኸው ነው። ዛሬ እንዲህ ያለ ማቆያ በብዙ ጤና ጣቢያ ይገኛልና በአቅራቢያችሁ እንዳለ ጠይቁ።

ባሎች ሆይ፥ የእናንተ ድርሻ ዘይት መግዛት አይደለም። ቀኑን ከባለቤታችሁ ጋር በወረቀት ጻፉ፤ ለአዋላጂቱም አሳዩአት። የመጓጓዣውን ገንዘብ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ሌሊት የምትጠሩትን ባለ መኪና ወይም ባለ ባጃጅ ቀድማችሁ አነጋግሩ። ማታ ማታ ከእርስዋ ጋር ጥቂት ተራመዱ። እናቶችና አማቶችም «ለምን ዘገየ?» ለሚል ጠያቂ ሁሉ «ቀኑን ቈጥረናል፤ አዋላጂቱም አይታታለች» ብላችሁ መልሱለት። በዚህ ወራት ለደከመች እናት ከሁሉ የሚሻለው መድኃኒት፥ በዙሪያዋ ያለው ሰው አለመቸኰሉ ነው።

ወሯ የገባውን ሁሉ ማርያም በሽልም ታውጣት።