«አልተሳካም» የሚለው ገጽ

ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለ ፎቅ ላይ ለአንድ የግል ትምህርት ቤት የክፍያ ሲስተም ስንሠራ ክረምት ነበር። ዝናቡ ከእንጦጦ በኩል ሲወርድ መብራት ይሄዳል፤ ኔትወርኩም ይከተለዋል። በዚያ ሰሞን አንዲት እናት የልጃቸውን ወርኃዊ ክፍያ በስልካቸው ከፈሉ። ገጹ «ክፍያው አልተሳካም» አላቸው። ደግመው ከፈሉ። ገንዘቡ ግን ሁለቴም ተቆርጦ ነበር፤ እስኪመለስላቸው ድረስ ሳምንታት ተመላለሱ። ያንን «አልተሳካም» የሚል መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ።

የጻፍኩትም እንደ ተማርኩት ነው። ብዙዎቻችን የያዝነው ልማድ የክፍያ ድርጅቱን ናሙና ኮድ ገልብጦ ኮንትሮለር ውስጥ መለጠፍ ነው፤ ሚስጥራዊ ቁልፉ፣ የኤፒአዩ አድራሻ፣ የሚመለሰውን ጄሰን መፍታቱ፣ ሁሉም በአንድ ፈንክሽን። «ይሠራል እኮ» ይባላል። አዎ፣ ኔትወርኩ ሰላም እስከሆነ ድረስ ይሠራል። ታይምአውት የመጣ ዕለት ግን ያ ፈንክሽን የሚያውቀው ሁለት መልስ ብቻ ነው፦ ተከፍሏል፣ አልተከፈለም። መልስ ሳይመጣ መቅረቱን እንደ እምቢታ ይቆጥረዋል። ጥያቄው ደርሶ፣ ሂሳቡ ተቀንሶ፣ መልሱ ብቻ መንገድ ላይ ሊቀር እንደሚችል የሚያስብ መስመር የለውም።

እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ በሬይልስ ፍሬምወርክ ተጠቃሚዎች ዘንድ «ኮንትሮለሩ ይቅጠን፣ ሞዴሉ ይወፍር» የሚለው ምክር ተሰራጭቶ ሌላ ጥፋት አመጣ። ኮዱ ከኮንትሮለር ወጥቶ ሞዴል ውስጥ ገባ። ትሪግቬ ሬንስካውግ እ.ኤ.አ. በ1979 ዜሮክስ ፓርክ ውስጥ ሞዴል-ቪው-ኮንትሮለርን (ኤምቪሲን) ሲያስብ ሞዴል ማለት ተጠቃሚው በአእምሮው የያዘውን ነገር የሚወክል ነበር። የዚያች እናት አእምሮ ውስጥ ያለው ልጅ፣ ወር፣ ክፍያና ደረሰኝ ነው። የኤችቲቲፒ ቁጥርና የባዕድ ሰርቨር ቶከን እዚያ ምን ያደርጋል?

የውጭ አገልግሎት ኮድ የራሱ ቤት ይገባዋል። «ሰርቪስ» የሚል ፎልደር ከፍቶ ፋይሉን ማዛወር ግን አይበቃም፤ የአቅራቢው ጥሬ መልስ ቪው ድረስ እየዘለቀ ከሆነ ቤቱ በር የለውም። በሩ ላይ የሚቆመው ክላስ የባዕዱን መልስ ወደ እኛ ቃል መተርጎም አለበት፦ ተከፍሏል፣ አልተከፈለም፣ ገና አልታወቀም። ያ ሁሉ ጣጣ የመጣው ሦስተኛው በመጥፋቱ ነው። የግብይት መለያውም ጥሪው ከመደረጉ በፊት በእኛው ዴታቤዝ ውስጥ መመዝገብ አለበት። ከክፍያ አቅራቢዎች ቻፓን ብንወስድ መለያውን የሚሰጠው ሻጩ ራሱ ነው፤ በዚያው መለያ ተመልሶ ክፍያው መፈጸሙን ማጣራት ይቻላል። ዌብሁክ ሁለቴ ቢመጣም መለያው አንድ ስለሆነ ደረሰኙ ሁለት አይሆንም።

«ለትንሽ ፕሮጀክት ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። የእኛ ሀገር ትንሽ ፕሮጀክት ትንሽ ሆኖ አይቆይም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ጀመረ፤ በነሐሴ 2015 ኤም-ፔሳ ተከተለ፤ ደንበኛው ደግሞ «ሲቢኢ ብርም ይጨመርልኝ» ይላል። ሦስት አቅራቢ በአንድ ኮንትሮለር ውስጥ ሲገባ አንዱን የነካ ሌላውን ይሰብራል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ሰኔ 2012ን አስታውሳለሁ፤ ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ለሳምንታት ተቋረጠ። መቋረጥን እንደ እንግዳ ነገር ቆጥሮ ኮድ መጻፍ ለሌላ ሀገር መጻፍ ነው። የውጭው አገልግሎት የራሱ ክላስ ካለው በቦታው የውሸት አቅራቢ አስቀምጦ፣ ኔትወርክ በሌለበት ሌሊት እንኳ «መልስ ባይመጣስ?» የሚለውን መፈተን ይቻላል። ኮንትሮለር ውስጥ ከተቀበረ ግን የሚፈትነው ከፋዩ ነው፣ በገዛ ገንዘቡ።

የትምህርት ቤቱን ሲስተም በዚህ መልክ እንደገና ጻፍነው። ዛሬ መልስ ሲዘገይ ገጹ ላይ የሚወጣው ጽሑፍ «ክፍያዎ እየተጣራ ነው፤ እባክዎ ደግመው አይክፈሉ» ይላል።