የመጨረሻ ስንት?

መርካቶ ገብቶ ሻጩ በጠራለት የመጀመሪያ ዋጋ ከፍሎ የሚወጣ ሰው አላውቅም። ለበርበሬም ለጫማም «የመጨረሻ ስንት?» ይባላል፤ እንቢ ካለም ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ እስኪጠራ መጠበቅ ነው። በዚህ የተካንን ሰዎች የሕክምና ምርመራ ላይ ስንደርስ አንደበታችን ይታሰራል፤ ነጻ ሲሆንማ ጭራሽ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የቲቢ ምርመራ ነጻ ስለሆነ አክታችንን በብልቃጥ አስረክበን «ውጤቱ መቼ ይደርሳል?» ብለን እንወጣለን። ነጻ መሆኑ ተገቢ ነው። የሚያስለውን ድሃ በር ላይ ገንዘብ ቢጠይቁት ሳሉን ይዞ ወደ ቤቱ፣ ወደ ታክሲው፣ ወደ ልጆቹ ይመለሳል። ነገር ግን ለታማሚው ነጻ የሆነውን ምርመራ የሆነ ሰው በዶላር ይከፍልበታል፤ ዋጋው የሚቆረጠውም እኛ በሌለንበት ስብሰባ ነው።

ዋጋው ይኸውላችሁ። አክታውን የሚመረምረው ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ማሽን ለእያንዳንዱ ታማሚ አንድ ካርትሪጅ ይበላል፤ ካርትሪጁ አንዴ ከተሠራበት ይጣላል። እ.ኤ.አ. በ2012 ለጋሾቹ ዩኒትኤድ፣ የጌትስ ፋውንዴሽንና ሁለት የአሜሪካ መንግሥት ፕሮግራሞች ለአምራቹ 11 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍለው፣ ለድሃና መካከለኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የአንዱን ዋጋ ከ16 ዶላር ከ86 ሳንቲም ወደ 9 ዶላር ከ98 ሳንቲም አስወረዱ። ከዚያ ወዲያ የሚገዛው ካርትሪጅ ከዓመት ዓመት ሲበዛ ዋጋው ለአሥር ዓመት ከተቀመጠበት ንቅንቅ አላለም። ብዙ ለሚገዛ ደንበኛ ዋጋ መቀነስ የትም ገበያ ያለ ልማድ ነው፤ እዚህ ግን አልሠራም።

የተንቀሳቀሰው በጫጫታ ነው። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድንና ሌሎች ድርጅቶች «አምስት ዶላር ይበቃል» የሚል ዘመቻ ለዓመታት ሲያካሂዱ ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካዊው የልብ ወለድ ደራሲ ጆን ግሪን የዩቲዩብ ተከታዮቹን አሰልፎ በኩባንያው ላይ አዘመተ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ የአምራቹ ሴፌይድ ባለቤት የሆነው ዳናኸር ዋጋውን ወደ 7 ዶላር ከ97 ሳንቲም አወረደ፤ በዚህ ዋጋ ትርፍ እንደማያገኝበትም ተናገረ። ወጣት አንባቢዎቹን ይዞ አንድ ደራሲ ሁለት ዶላር ማስቀነሱ ደስ ይላል። ያስከፋኝ ሌላ ነው፤ ካርትሪጁን በየቀኑ ከሚጨርሱት አገሮች አንዷ የእኛ ሆና ሳለ፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ የአማርኛ ድምፅ እኔ አልሰማሁም።

ስለ ማሽኑ ዋጋ ከመከራከር በፊት ግን ውለታውን መመስከር ይገባል። ሮበርት ኮህ የቲቢን ባክቴሪያ ማግኘቱን በርሊን ላይ ያሳወቀው እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1882 ነው። ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ አክታ መስታወት ላይ ተቀብቶ፣ በቀለም ተነክሮ፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ኖረ። ማይክሮስኮፑ ባክቴሪያውን እንዲያሳይ በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 የሚደርስ መኖር አለበት። ኤችአይቪ በደማቸው ያለባቸው ሰዎችና ሕፃናት ታመውም አክታቸው ውስጥ ያን ያህል ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ዕድሜ ልኩን ማይክሮስኮፕ ላይ ያቀረቀረው ጎበዝ የላቦራቶሪ ባለሙያ እንኳ «የለም» ብሎ ይጽፍላቸውና ወደ ቤት ይሸኛቸዋል። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ደግሞ ባክቴሪያውን ማሳደግ፣ ሳምንታት መጠበቅ ያስፈልግ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2010 ይሁንታ የሰጠው ጂን ኤክስፐርት ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ቲቢው መኖሩንም ሪፋምፒሲን የተባለው ዋና መድኃኒት የሚሠራበት መሆኑንም ይናገራል። ባለሙያው አክታውን ከፈሳሹ ጋር ቀላቅሎ፣ ነቅንቆ፣ ሩብ ሰዓት ጠብቆ፣ ካርትሪጁ ውስጥ ጨምሮ ማሽኑ አፍ ውስጥ ይከተዋል። የቀረውን ማሽኑ ይጨርሰዋል።

ማሽኑ ውስጥ የሚሆነው ኮቪድ በመጣ ሰሞን አገር ምድሩ ስሙን የለመደው ፒሲአር ነው። የበሽታው ዲኤንኤ ቅንጣት በሙቀት ይለያያል፣ ቀዝቀዝ ሲል ይባዛል፣ እንደገና ይሞቃል፣ እንደገና ይባዛል፤ እንዲህ እያለ ከጥቂት ቅጂ ለልኬት የሚበቃ ይወለዳል። ያን ሙቀት ችሎ የማባዛቱን ሥራ የሚሠራው ኢንዛይም መጀመሪያ የተገኘው አሜሪካ የሎውስቶን ፍልውሃ ውስጥ ከምትኖር ባክቴሪያ ነው። (ፍልውሃ ለቁርጥማት ብቻ መስሎን ስንነከርበት ኖረናል።) ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1983 ያሰበው ካሪ ሙሊስ ከቀጣሪው ኩባንያ ሲተስ የተሰጠው ጉርሻ 10,000 ዶላር ነበር። ሲተስ ግን መብቱን በ1991 ለሮሽ በ300 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው። ሙሊስ ከሁለት ዓመት በኋላ የኖቤል ሽልማት ወሰደ፤ እኔን ብትጠይቁኝ ከሦስቱ የተሻለ የነገደው ሲተስ ነው።

ጂን ኤክስፐርት ራሱ ለቲቢ ታማሚ ተብሎ የተፈጠረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ውስጥ አንትራክስ በፖስታ ተልኮ ሰው ሲሞት፣ የአገሪቱ ፖስታ ቤት የደብዳቤ መለያ ማዕከሎቹን አየር የሚፈትሽ መሣሪያ ፈለገ፤ ከቀረቡት አንዱ የሴፌይድ ቴክኖሎጂ ነበር። በኋላም ለቲቢ እንዲሆን ሲሠራ የመንግሥትና የበጎ አድራጎት ገንዘብ ፈሰሰበት። ሂሳቡን የሠሩ ተመራማሪዎች በ2021 ባሳተሙት ጥናት፣ ማሽኑን እዚህ ለማድረስ የወጣውን የሕዝብ ገንዘብ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ ብለው ገምተውታል። ዳናኸር ሴፌይድን እ.ኤ.አ. በ2016 የገዛው በ4 ቢሊዮን ዶላር ነው።

እንግዲህ ክርክሩ እዚህ ላይ ነው። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ግምት፣ ምርቱ በብዛት ሲመረት አንዱን ካርትሪጅ ለመሥራት የሚወጣው ከ3 ዶላር እስከ 4 ዶላር ከ60 ሳንቲም ገደማ ነው። ኩባንያው በ7 ዶላር ከ97 ሳንቲም አላተርፍም ይላል። ሁለቱ ቁጥሮች አብረው አይሄዱም። ማን እንደተሳሳተ ለመፍረድ ደረሰኙን ማየት ያስፈልጋል፤ እኔም የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ኩባንያ ማትረፉ አይከፋኝም፤ የማያተርፍ ኩባንያ ነገ ማሽኑን አይጠግንም። የሚከፋኝ ማሽኑ ውስጥ የሌላ ፋብሪካ ካርትሪጅ የማይገባ መሆኑ ነው። አንዴ ማሽኑን ከተቀበልን በኋላ ሻጩ አንድ፣ ዋጋውም እሱ የሚለው ነው። ራቅ ብለን እስኪጠራን የምንጠብቅበት ቦታ የለንም።

የእኛን ዋጋ ደግሞ ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር አይገልጸውም። አምራቹ ማሽኑ ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት፣ ካርትሪጁም ከ28 ዲግሪ በማይበልጥ መጋዘን እንዲቀመጥ ይፈልጋል። ይህን መመሪያ የጻፈ ሰው ሰመራን ወይም ጋምቤላን በሚያዝያ አላያቸውም። ምርመራው መሃል መብራት ከጠፋ ካርትሪጁ አብሮ ይጠፋል፤ አክታው እንደገና ይጠየቃል፣ ታማሚው ከገጠር የመጣ ከሆነ እንደገና አይመጣም። ካርትሪጁ የሚገባበት የማሽኑ ክፍል (ሞጁል) ሲበላሽ መለዋወጫውና ባለሙያው የሚገኙበትን ቀን መጠበቅ ነው፤ እስከዚያ ማሽኑ በጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ 7 ዶላር ከ97 ሳንቲም 454 ብር አካባቢ ነበር፤ በ130 ብር ሲመነዘር ከ1,030 ብር ያልፋል። ደራሲው ያስቀነሰልንን ሁለት ዶላር ምንዛሪው ቁጭ ብሎ በላው።

ቢሆንም የእኛ ሰዎች በዚህ ሁሉ መሃል ያበጁት ነገር አለ፤ ሲነገርለት አልሰማምና ልናገርለት። ማሽን የሌለው ጤና ጣቢያ ናሙናውን ማሽን ወዳለበት የሚልከው በብዙ ቦታ በፖስታ ቤት ነው። የኢትዮጵያ ፖስታ ደብዳቤ በቀነሰበት ዘመን የአክታና የደም ናሙና በቀዝቃዛ ሣጥን ሲያመላልስ ቆይቷል። አሜሪካ ማሽኑን ፖስታ ቤት ያስገባችው ከደብዳቤ ውስጥ ሞት ለመያዝ ነበር፤ እኛ ደግሞ በፖስታ ቤት በኩል በሽታን ወደ ማሽኑ እንልካለን። ያ ማሽን በዚያው ሣጥን የመጣለትን የኤችአይቪ የቫይረስ መጠንና ለማኅፀን በር ካንሰር የሚዳርገውን ቫይረስም መመርመር ይችላል፤ ለእያንዳንዱ ግን የየራሱ ካርትሪጅ፣ የየራሱ ለጋሽ፣ የየራሱ በጀት አለው። አንድ ማሽን ላይ የሦስት ፕሮግራም ታርጋ መለጠፍ ያደከማቸውን ባለሙያዎች አውቃለሁ።

ይህ ገበያ ፍርሃትን ተከትሎ እንደሚያድግ ኮቪድ አሳይቶናል። በሽታው ሊደርስብን ሲል የመጀመሪያዎቹን ተጠርጣሪዎች ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ልከን ውጤት ስንጠብቅ ነበር። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ ሲነገር የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ራሱ መመርመር ጀምሮ ነበር፤ መስከረም 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ላይ የቻይናው ቢጂአይ የመመርመሪያ ኪት ማምረቻ ተመረቀ። በአሥር ዓመት የማያልቅ ሥራ በአንድ ክረምት ተሠራ። በዚያው ጊዜ ሴፌይድ የኮቪዱን ካርትሪጅ ለድሃ አገሮች በ19 ዶላር ከ80 ሳንቲም አቀረበ፤ ያን ጊዜ ለቲቢ ይጠይቅ ከነበረው እጥፍ፣ በዚያው ማሽን። ፍርሃቱ ሲያልፍ ገበያውም አብሮ አለፈ። ቤት ውስጥ የሚደረግ የሞለኪውል ምርመራ የሠራው የአሜሪካው ሉሲራ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 የኪሳራ መዝገብ ከፈተ፤ ኢንፍሉዌንዛንና ኮቪድን አብሮ ለሚመረምረው ኪቱ ፈቃድ የመጣለት ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ተፎካካሪው ኪዩ ሄልዝም በ2024 ተዘጋ። ቲቢ ግን አላለፈም፤ በ2023 ብቻ 1.25 ሚሊዮን ሰው ገድሏል። በዚያ ዓመት በዓለም ላይ አዲስ ቲቢ ከተገኘባቸው ሰዎች በመጀመሪያ ምርመራቸው እንዲህ ያለውን ፈጣን ማሽን ያገኙት 48 በመቶ ናቸው። ከግማሽ የሚበልጡት በዚያ ዓመትም በኮህ ማይክሮስኮፕ፣ በራጅ ወይም በሐኪሙ ግምት ላይ ነበሩ።

በጥር 2025 አሜሪካ የውጭ ርዳታዋን አቆመች፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ዩኤስኤይድ የሚባለው መሥሪያ ቤት ሕልውናው አበቃ። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለው ተረት የገባን ያን ጊዜ ነው። ከእንግዲህ ካርትሪጅ የምንገዛው እየጨመረ በሚሄድ መጠን በራሳችን ገንዘብ ነው፤ በራሱ ገንዘብ የሚገዛ ደግሞ ይከራከራል። የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ጨረታ ሲያወጣ የማሽኑን ዋጋ ብቻ እንዳያይ እመክራለሁ። የአምስት ዓመት ካርትሪጅ፣ ጥገና፣ መለዋወጫ፣ ማጓጓዣ ተደምሮ «ለአንድ ውጤት ስንት?» ተብሎ ይጠየቅ፤ መብራት ጠፍቶ የከሸፈው ምርመራም በሂሳቡ ይግባ። ሕንድ ጎዋ ውስጥ የሚሠራው ትሩናት በባትሪ የሚሄድ ማሽን ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2020 ጀምሮ ተቀብሎታል። ዋጋው ብዙም አይረክስም፤ ቢሆንም ሁለተኛ ሻጭ ጨረታ ላይ መኖሩ ብቻ የመጀመሪያውን ድምፅ ያለሰልሳል። የአፍሪካ በሽታ መከላከያና መቆጣጠሪያ ማዕከል መቀመጫው እዚሁ አዲስ አበባ ነው፤ አገሮች አብረው ቢገዙ ብለን ለመምከር አውሮፕላን መሳፈር አያስፈልገንም።

ከ2023ቱ ቅናሽ የቀረች አንዲት ካርትሪጅ አለች። ከሪፋምፒሲን ውጭ ያሉትን ሌሎች ዋና ዋና መድኃኒቶች የተላመደ ቲቢ የምትለየዋ ናት። ያን ጊዜ ዋጋዋ 15 ዶላር ገደማ ነበር፤ እሷን ለመጠቀም ደግሞ አዲስ ዓይነት ሞጁል ያስፈልጋል፤ ቀድመን የተቀበልናቸው ማሽኖች አያነቧትም። ክርክሩ ከእሷ ቢጀመር ደስ ይለኛል። ገዥዋ ጥቂት ስለሆነ አትረክስም ይሉናል። ታማሚው ጥቂት የሆነው በሽታው ጥቂት ስለሆነ ይሁን፣ ወይስ የሚመረምረው ስላጣ፣ ያለ ካርትሪጁ በምን ይታወቃል?